ጤፉ ከአይዳሆ፣ በርበሬው ከሻንጣ



ይህን ጽሑፍ ከመቀጠላችሁ በፊት እስቲ አንዴ ተነሡና ጓዳችሁን ቃኘት አድርጉ። የጤፍ ዱቄቱ ከረጢት ላይ ምን ተጽፏል? በብዙዎቻችን ቤት ያለው ጤፍ የበቀለው አይዳሆ ነው። በርበሬውና ሽሮውስ? ወይ ከሐበሻ ሱቅ ታሽጎ የተገዛ ነው፣ ወይ ደግሞ ምንም ጽሑፍ የለበትም፤ እናት ወይም እኅት አስፈጭታ፣ በሁለት በሦስት ፌስታል ጠቅልላ፣ በመንገደኛ ሻንጣ የላከችው ነው። ቅቤው የአሜሪካ ላም ቅቤ ነው፤ የተነጠረበት ኮሰረትና ኮረሪማ ግን ከአገር ቤት የመጣ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱም የራሱ ታሪክ አለው፤ ቆየት ብዬ እመጣበታለሁ።

ልጆቻችን በሰኞ እስከ ዓርቡ ትምህርት ቤታቸው ስለ ዓለም አቀፍ ንግድ ሲማሩ ስለ መርከብ፣ ስለ ኮንቴይነር፣ ስለ ቀረጥና ስለ መንግሥታት ስምምነት ይማራሉ። ጥሩ ነው። ግን ብዙ ዕቃ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚሄደው አስቀድሞ ሰው ስለሄደ መሆኑ እምብዛም አይነገራቸውም። በዚህ እትም ላጫውታችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከልጆቹ ጋር ስታነቡት እንዳያምታታችሁ።)

ታሪኩን ከዋሽንግተን ሳይሆን ከአገር ቤት ልጀምር። እኛ ስደተኛ ከመሆናችን በፊት እኮ ስደተኛ ነጋዴ የምንቀበል ሰዎች ነበርን። በዕድሜ ገፋ ያላችሁ አረብ ቤትን ታስታውሳላችሁ። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ሳሙና የሚሸጥባት የሰፈር ሱቅ ናት። ገንዘብ ሲጎድል ባለሱቁ በዱቤ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ደመወዝ ሲደርስ ይሰረዛል። ባለሱቁ ከየመን የመጣ ነው፤ አማርኛውን እየሰባበረ ይናገራል፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ግን በስሙ ያውቃል። ሱቁ ለሐበሻ ከተላለፈ በኋላ እንኳ በየሰፈሩ ስሙ አልተለወጠም፤ «ከአረብ ቤት ስኳር ግዛ» መባሉ ቀጠለ።

የነዚህ ሰዎች ንግድ ከዱቤ ደብተሩ በጣም የሚሰፋ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐረር ከተማ የህንድ፣ የየመን፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ነበሩባት። ቡናና ቆዳ በግመል ወደ ዘይላና ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ኤደን ወደብ ይደርሳል፤ በምላሹ ጨርቅና ሸቀጣ ሸቀጥ ይወጣል። በአገራችን ሰው ዘንድ መሐመዳሊ እየተባለ የሚታወቀው የህንዶች ኩባንያ ከሐረር ተነሥቶ በአገሪቱ ብዙ ከተሞች ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ በ1937 ጣሊያን እስኪያባርረው ድረስ።

አሁን ደግሞ ለኛ ለአሜሪካ ነዋሪዎች የምትጣፍጠውን ክፍል ስሙ። በዚያ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው ጨርቅ መካከል በጣም የሚፈለገው አቡጀዲ ነበር፤ ያውም የአሜሪካ አቡጀዲ። ያልነጣ፣ ጠንካራ፣ ለሸማም ለድንኳንም የሚሆን። ኢትዮጵያ ውስጥ ያን ጊዜ አሜሪካዊ ነጋዴ አለ ለማለት አይቻልም፤ አሜሪካ ውስጥም ኢትዮጵያዊ ነጋዴ አልነበረም። ጨርቁ የአሜሪካን ወደብ ለቆ ሐረር ገበያ እስኪደርስ በየመንገዱ የሚቀባበለው ከአገሩ ወጥቶ የሚኖር ሰው ነው፦ ኤደን ላይ ያለ ህንድ፣ ጅቡቲ ላይ ያለ አረብ፣ ሐረር ላይ ያለ የዚያው የህንዱ የአጎት ልጅ። የአሜሪካ መንግሥት ነገሩን ልብ ብሎ ማርሴይ ላይ የነበረውን ቆንስሉን ሮበርት ስኪነርን ወደ ምኒልክ የላከው በኋላ ነው። ስኪነር በባቡር እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያ በበቅሎና በግመል አዲስ አበባ ገባ፤ በታኅሣሥ 1903 የንግድ ውል ተፈራረሙ። የሁለቱ መንግሥታት የመጀመሪያው ውል ይህ ነው። ልብ በሉልኝ፤ ውሉ ንግዱን አልወለደውም፤ ቀድሞ የተወለደውን ንግድ ክርስትና አነሣው እንጂ።

ለምን ስደተኞች? አገሬው ንግድ አያውቅም ነበር ማለት አይደለም፤ የጅማና የጎንደር ሲራራ ነጋዴ ስንት ዘመን በረሃ ሲያቋርጥ ኖሯል። ግን ከሐረር እስከ ቦምቤይ ባለው መንገድ ላይ የተበደለ ነጋዴ በቀላሉ አቤት የሚልበት ዳኛ አልነበረም። ቡናውን ዛሬ የሚልክ ሰው ዋጋውን የሚያገኘው ከወራት በኋላ ነው። ታዲያ ማንን ያምናል? ባሕር ማዶ ያለውን የወንድሙን ልጅ ወይም የአገሩን ልጅ። ያ ሰው ቢከዳው በአንድ መንደር፣ በአንድ መስጊድ ወይም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ስሙ ይጠፋል። ሌላው ደግሞ ዕውቀት ነው። ሐረር ተቀምጦ የኤደንን ገበያ የሚያውቅ፣ ኤደን ተቀምጦ የሐረር ሴት የትኛውን ጨርቅ እንደምትወድ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። እምነትና ዕውቀት መርከብ ላይ አይጫኑም፤ ሰው ነው ይዟቸው የሚሄደው።

በ1974 አብዮቱ መጣ። በቀጠሉት ዓመታት ንብረት ሲወረስ ከአረብ ቤት ባለቤቶች ብዙዎቹ አገሪቱን ለቀው ወጡ። ያው አብዮት እኛንም አስነሣ። ለትምህርት አሜሪካ የመጡ ተማሪዎች መመለሻ አጡ፤ ሌላው በሱዳን በረሃ በእግሩ ወጣ። በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በር ከፈተ፤ ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ዲቪ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከኢትዮጵያ አመጣ። እንግዲህ በአንድ ማዕበል አዲስ አበባ ባለሱቆቿን አጣች፣ ዋሽንግተን ደግሞ ባለሱቆች አገኘች ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሱቅ ይዘው አልተነሡም፤ ምግብ ቤት ነው የቀደመው። በ1978 ጆርጂያ አቬኑ ላይ ማማ ደስታ የተባለው ምግብ ቤት ተከፈተ፤ ቀጥሎ አዳምስ ሞርጋን፣ ከዚያ ዩ ስትሪትና ናይንዝ ስትሪት፣ የቤት ኪራዩ ሲያስነሣ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና ስካይላይን። ምግብ ቤት ሲከፈት ጤፍ የት አለ? የለም። በዚያን ጊዜ የመጡት እንደሚያወሩት እንጀራ የሚጋገረው በራሱ የሚነፋ የስንዴ ዱቄት (እዚህ ሰልፍ ራይዚንግ የሚሉት) በአምቦ ውኃ ፈንታ በክለብ ሶዳ ተበጥብጦ ነው። ዓይኑ ይወጣል፤ ጣዕሙን ግን ለበላው ተዉት።

ይህ ረሃብ ነው አይዳሆ ላይ ጤፍ ያበቀለው። ዌን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በባዮሎጂ ባለሙያነት ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ፣ ጤፍ አብሮ በልቶ ተመለሰ። በ1980ዎቹ በአይዳሆ የስኔክ ወንዝ ሸለቆ ጤፍ መዝራት ጀመረ፤ ገዢው እዚህ ያለነው ሐበሾች ነን። «መስከል ጤፍ» እያለ የሚያሽገውን ታውቁታላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፦ እኛ ወደዚህ ባንመጣ ኖሮ እሱም ጤፉን ለማን ይሸጥ ነበር? ስደተኛ ገበያን ይዞ ይመጣል። ገበያው ግን የግድ የአገሩን ገበሬ አይጠቅምም፤ ቀድሞ የደረሰው ይጠቀማል።

ምጣዱን እንዳልረሳው። ብዙ እናቶች ዓመታት የጋገሩበት ያ ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሄሪቴጅ ግሪል የሚባለው፣ የተሠራው ለኛ አልነበረም። ቤተኒ የተባለው የአዮዋ ፋብሪካ የሠራው ከኖርዌይ የመጡ ስደተኞች ልጆች ለፍሰ የሚባለውን ስስ የድንች ቂጣቸውን እንዲጋግሩበት ነው። አያቶቻቸው ከኖርዌይ ከመጡ መቶ ዓመት አልፎም ቂጣው አልቀረም፤ ምጣዱም አልቀረም። እኛ ደርሰን ሊጡን አፈሰስንበት። ያንዱ ስደተኛ ናፍቆት ለሌላው ዕቃ ሆነ።

እንግዲህ ጤፉ ከአይዳሆ ሆኖ ሳለ በርበሬው ለምን ከአገር ቤት ይመጣል? አንደኛው ምክንያት ክብደት ነው። አንድ ቤተሰብ በዓመት የሚበላው ጤፍ ብዙ ከረጢት ነው፤ ኮረሪማው ግን ከአንድ ማሰሮ አይበልጥም። ቀላልና ውድ ዕቃ ውቅያኖስ ይሻገራል፣ ከባድና ርካሽ ዕቃ ባለበት ይመረታል። ሁለተኛው ምክንያት ግን የመንግሥት ውሳኔ ነው። በ2006 የጤፍ ዋጋ አዲስ አበባ ላይ ሲወደድ መንግሥት የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ዲያስፖራው በዶላር ሲገዛ የመርካቶዋ እናት እንዳትራብ ነው። ውጤቱ ግን ሌላ ነበር። የኛ የምግብ ፍላጎት አልቀነሰም፤ የአይዳሆ ጤፍ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ።

ክልከላው ግን ቀዳዳ ነበረው፤ የተጋገረ እንጀራ አልተከለከለም። ስለዚህ ማማ ፍሬሽን የመሳሰሉ የአዲስ አበባ ድርጅቶች እንጀራውን ጋግረው፣ አሽገው፣ በአውሮፕላን ወደዚህና ወደ አውሮፓ መላክ ያዙ። ማታ አዲስ አበባ የተጋገረ እንጀራ በነጋታው ሲልቨር ስፕሪንግ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። እኔ ይህን እንደ ትንሽ ተአምር ነው የማየው። እህሉ ባለበት ቢቀር የሚሸጠው ገበሬው ብቻ ነበር፤ እንጀራ ሆኖ ሲሄድ ግን የጋጋሪዋ ደመወዝ፣ የማሸጊያው፣ የጭነቱ ዋጋ እዚያው ይቀራል። በኋላ በ2015 ገደማ መንግሥት ለተወሰኑ ሰፋፊ እርሻዎች የጤፍ ክልከላውን ላላ አድርጎታል።

አውሮፕላኑንም እንመልከተው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ መብረር የጀመረው በ1998 ነው። መንገደኛው ማነው? ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ ለፋሲካ፣ ልጅ ለአያት ለማሳየት የምንሄደው እኛው። ወንበሩ በመንገደኛ ከተሞላ ከታች ያለው የጭነት ሆድ አብሮ ይበራል። እንጀራው፣ በርበሬው፣ ከሽሮ ሜዳ የተገዛው ቀሚስና ነጠላ ዋሽንግተን ዳለስ የሚደርሱት እኛ በተቀመጥንበት አውሮፕላን ነው። ወደዚያኛው አቅጣጫ ብታዩ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ከምትገዛው ዕቃ በገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው አውሮፕላንና መለዋወጫው ነው። እናቱን ለማየት የሚሄድ ታክሲ ነጂ ሲያትል ውስጥ ቦይንግ ለሚገጣጥመው ሠራተኛ ሥራ ሰጠ ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ በዚያ ውስጥ ድርሻ የለውም ማለት ግን አልችልም።

ይህ ነገር የኛ ብቻ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ ሊቃውንት በቁጥር አይተውታል። ዴቪድ ጉልድ የተባለ ኢኮኖሚስት በ1994 ባሳተመው ጥናት አሜሪካ ከ47 አገሮች ጋር ከ1970 እስከ 1986 ያደረገችውን ንግድ መርምሮ፣ ስደተኞች ከአገራቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት ንግዱን እንደሚያሳድግ አሳየ። በ2002 ጄምስ ራውክና ቪቶር ትሪንዳዴ የቻይናን ስደተኞች አጥንተው አንድ ነገር ጨመሩ፦ የስደተኛው ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ዋጋው በገበያ ማዕከል በማይወሰን፣ ጥራቱ በዓይንና በአፍንጫ በሚለይ ዕቃ ላይ ነው። ያቺ የጓዳችን በርበሬ ማለት ናት።

«ግን እኮ» ትሉኝ ይሆናል፣ «ሰውና ንግድ አብረው የሚታዩት ሰው ራሱ ንግድ ወዳለበት ስለሚሄድ ይሆናል»። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱን የሰጡት ጎረቤቶቻችን ቬትናሞች ናቸው። ሳይጎን በ1975 ስትወድቅ ከ100 ሺህ የሚበልጡ ቬትናሞች በአንድ ጊዜ አሜሪካ ገቡ፤ መንግሥት አንድ ቦታ እንዳይከማቹ ብሎ በየስቴቱ በተናቸው። የሚያርፉበትን አብዛኞቹ አልመረጡም። ለንግድም አልመጡም፤ አሜሪካ ከቬትናም ጋር መነገድን ጭራሽ ከልክላ ነበርና። እገዳው የተነሣው በ1994 ነው። ክሪስቶፈር ፓርሰንስና ፒየር ሉዊ ቬዚና የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲከታተሉ፣ ወደ ቬትናም የሚላከው ዕቃ በብዛት ያደገው ቀድሞ ብዙ ቬትናሞች ከሰፈሩባቸው ስቴቶች መሆኑን አገኙ። ፎልስ ቸርች ያለውን ኤደን ሴንተር የማያውቅ የለም፤ በ1984 የተከፈተ ነው፣ እገዳው ከመነሣቱ አሥር ዓመት አስቀድሞ። ከአገራቸው ዕቃ ማስመጣት በማይቻልበት ጊዜ ገበያውን ሠርተው ጠበቁ።

ቡናስ? ቡና ለየት ይላል። አሜሪካ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ፣ እኛ እዚህ ገና ሳንኖር፣ የኢትዮጵያ ቡና ዋና ገዢ ነበረች። ጥሬ ቡና ዋጋው ኒውዮርክ ላይ ይወጣል፣ በጆንያ ይጫናል፣ የሐበሻ አስተዋዋቂ አያሻውም። ችግሩም ከዚያው ነው፤ ስም የሌለው ቡና በቦርሳ ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ ኢትዮጵያ በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞ እና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። ማመልከቻው የቀረበለት የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ ነው፤ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ብዙዎቻችሁ ወደ ሥራ ስትሄዱ የምታልፉት ሕንጻ። ይርጋጨፌ በ2006 ሲፈቀድ፣ ሐረርና ሲዳሞ ግን ተቃውሞ ገጠማቸው፤ የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ስሞቹ የማንም ናቸው ብሎ ተከራከረ። ከስታርባክስ ጋር ብዙ ከተነታረኩ በኋላ በ2007 ስምምነት ተፈረመ። ሦስት የአማርኛ ተናጋሪ አፍ በየቀኑ የሚጠራቸው የቦታ ስሞች ይህን ያህል ገንዘብ ይዘው ነበር።

ከዚህ ጋር አያይዤ አንድ የቅርብ ጊዜ ነገር ላስታውሳችሁ። በ2016 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት፣ አጎዋ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ከቀረጥ ነፃ ወደዚህ የሚገባ ሸሚዝ ይሰፋበት ጀመር። ትልቅ ተስፋ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ፣ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ፣ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች፤ ትልቁ ሸሚዝ አሰፊ ኩባንያም አስቀድሞ በኅዳር 2021 ሥራውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ብዙ ወጣት ሴቶች ሥራ አጡ። ያ ንግድ የተሠራው በመንግሥት ውልና በኩባንያ ስሌት ነበርና ስሌቱ ሲለወጥ ቆመ። ሽሮው ግን አልቆመም። በዚያው ሰሞን ቀረጥም ሳይቀንስለት፣ ፖለቲካውም ሳያስጨንቀው፣ በሻንጣም በካርቶንም መምጣቱን ቀጠለ፤ የሚጠብቀው ሰው ነበረዋ። ሽሮ የሐዋሳን ልጅ ደመወዝ አይተካም፤ የተተካም የለም። የጽናቱን ልዩነት ግን ልብ ማለት ይገባል።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ታኮማ ፓርክ ገና ዜግነት ያላገኘ ነዋሪ ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ እንዲሰጥ ከ1992 ጀምሮ የፈቀደች ከተማ ናት፤ ሱቅ ከፍቶ ግሪን ካርድ ላይ ያለ ሰው ስለሚነግድበት መንገድ ሐሳቡን የሚሰጥባት ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚህ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ፌንተን ስትሪት ድረስ ባሉት ሱቆች ውስጥ ገብታችሁ ቆም ብላችሁ እዩ፤ አረብ ቤትን ታያላችሁ። ባለሱቁ መነሻውን ከእቁብ ያገኘ ነው፤ ዕቃ አስመጪው የሚልክለት ቀድሞ ሳይከፍል ነው፣ ምክንያቱም የሰፈሩ ልጅ ነው ወይም የክርስትና አባቱን ያውቃል። ደንበኛው «የዚህ ወር በርበሬ ከየት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለሱቁ መልስ አለው። ዱቤ እንኳ አልፎ አልፎ አለ፤ ማን እንደሚሰጥ ግን አልናገርም።

መንግሥታትም እንደ ስኪነር ዘመን ኋላ ኋላ ነው የሚመጡት። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጎንደር ጋር የእኅትማማችነት ውል የተፈራረመው በ2012፣ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ ጋር በ2013 ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ የመጀመሪያው እንጀራ ከቀረበ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከአማርኛ ትምህርት ቤት ጋር ምን አገናኘው? እስካሁን ያወራሁላችሁ ንግድ በሙሉ በቃላት ላይ የቆመ ነው። መከለሻ፣ ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ በሶብላ፣ ጌሾ፣ ሠርገኛ፣ ማኛ። ማኛ ጤፍና ሠርገኛ ጤፍ ያለውን ልዩነት የማያውቅ ልጅ መደርደሪያው ፊት ቆሞ ነጩን ወይም ቡናማውን ብሎ ይመርጣል፤ የሚቀርብለትም እየዋለ እያደረ ነጭና ቡናማ ብቻ ይሆናል። ኮሰረት ብሎ መጠየቅ የማያውቅ ሰው ኮሰረት አይገዛም፤ ያልተገዛውን ደግሞ አስመጪው አያስመጣም፤ ያልተላከውን ያገር ቤቷ ገበሬ አትተክልም። የሰንሰለቱ ጫፍ አንዲት ሴት የጓሮ አትክልት ነው፣ ሌላው ጫፍ የልጃችን አፍ ነው።

ሌላው ነገር የሱቆቹ ባለቤቶች ዕድሜ ነው። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ የጀመሩት ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው ወይም ደርሰዋል። ልጆቻቸው ሐኪም፣ ኢንጂነር፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆነዋል፤ ደስ ይላል፣ ለዚያ ነው የተለፋው። ከልጆቹ አንዳንዱ ግን ሱቁን ሊረከብ ይፈልጋል፤ ወይም ቡና ከይርጋጨፌ አምጥቶ ቆልቶ ሊሸጥ ያስባል። እንዲህ ካሉ ወጣቶች ጋር ስናወራ የሚያነሡት ችግር ገንዘብ አይደለም፤ ገንዘብ ከባንክም ይገኛል። የሚያነሡት ስልክ ነው። አዲስ አበባ ደውሎ ከአንድ የስድሳ ዓመት ነጋዴ ጋር ሰላምታውን ሳያሳጥር፣ «አንተ» እና «እርስዎ»ን ሳይቀላቅል፣ ዋጋ ሲባል በዝምታው ውስጥ ያለውን ሰምቶ መደራደር አይችሉም። በእንግሊዝኛ ይደራደራሉ፤ በእንግሊዝኛ የሚደራደር ደግሞ የእንግሊዝኛ ዋጋ ይከፍላል። ህንዱ ሐረር ላይ የተሳካለት የአጎቱን ልጅ ቋንቋ ስላልረሳ ነበር፤ የሐረርንም ስለተማረ።

ለዚህ ነው በዚህ ወር ክፍላችን ውስጥ የገበያ ቋንቋ የምናስተምረው። ትንንሾቹ የቅመም ስም ያጠናሉ፣ በሽታ ይለያሉ። ከፍ ያሉት ስልክ ደውሎ ዕቃ ማዘዝ ይለማመዳሉ፤ አንዱ የመርካቶ ነጋዴ ይሆናል፣ ሌላው የሲልቨር ስፕሪንግ ባለሱቅ። «ቀንስልኝ» ማለትን አስቀድመው ያውቁታል፤ ከማን እንደተማሩት እኛም እናንተም እናውቃለን። የሚቸግራቸው «እንደምን ሰነበቱ» ብሎ መጀመር ነው፤ እሱን ቤት ውስጥ ብታግዙን።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ እያንዳንዱ ልጅ ከጓዳችሁ አንድ ማሸጊያ ይዞ ይምጣ፤ የጤፍ ከረጢት፣ የሽሮ ላስቲክ፣ የቡና ቆርቆሮ፣ የፈለጋችሁትን። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳሸገው፣ ከነማን እጅ እንዳለፈ አንብበው በትልቁ ካርታ ላይ ክር ይዘረጋሉ። ጽሑፍ የሌለበት ፌስታል ያላችሁ ልጁ የላከችውን ሰው ስምና ከተማ ጽፎበት ያምጣ፤ እሱም ካርታው ላይ ይገባል። ማሸጊያው ግን አደራ ባዶ ይሁን፤ ክፍሉን በሳምንቱ ሌሎች ሰዎች ይጠቀሙበታል፣ በርበሬ ደግሞ ምንጣፍ ላይ ከፈሰሰ አይወጣም።